ወንዝ የተሻገረው ገበያ

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛው ክረምት ገባ። የምኖረው እንጅባራ ነው፤ እኛ የቆየነው ግን አሁንም ቆሰበር ነው የምንላት። ባለፈው ወር የዕድር ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች አዲስ ጎረቤቴ ዕድሜዬን ሙሉ የት እንደሠራሁ ጠየቀችኝ። ማዘጋጃ ቤት አልኳት። ሥራዬ ምን እንደነበር ስትጠይቀኝ ጸሐፊ ነበርኩ አልኳት። «መጻፍ ብቻ?» አለችና ወሬዋን ወደ ሌላ አዞረች። አልተቀየምኳትም፤ ነገሩ ግን ቤቴ ገብቼም አልለቀቀኝም።

ሰው ማዘጋጃ ቤትን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር አድርጎ ያየዋል፣ እንደ ተራራው። እኔ ግን አንድ ማዘጋጃ ቤት ሲወለድ አይቻለሁ። ማኅተም ሳይኖረው፣ ወንበር ሳይኖረው፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ራሱም ሳያውቅ አውቀዋለሁ። በገዛ እጄ ጽሑፍ ላጠፋው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ይህን ነው የምጽፈው።

የተወለድኩት ከቆሰበር ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ አዊኛ በሚነገርበት ቤት ነው። አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ በዳንግላ ማዘጋጃ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ደመወዜ ለቤት ኪራይ ይበቃል፣ ለጫማም ይበቃል፤ በአንድ ወር ለሁለቱም ግን አይበቃም። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከዳንግላ አንድ ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የቤታቸውን ፋይል ፈልጊልኝ ብላ መጣች። በሟቹ ስም ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ ልትሄድ ስትል የክርስትና ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ፤ ፋይሉም በዚያ ስም ቁጭ ብሎ ተገኘ። ሰውዬው በወጣትነቱ ሲያስመዘግብ ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ስም ይበልጣል ብሎ ኖሯል። ሰው ወረቀት ላይ የሚጠራበትና ቤቱ የሚጠራበት ስም የተለያየ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ። ገባኝ ልበል እንጂ፣ ኋላ እንደምነግራችሁ፣ ዋናው ጊዜ ላይ ረስቼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቆሰበር ተዛወርኩ። እዚያ የጽሕፈት መኪና ላይ ተቀመጥኩ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝም ጀመርኩ። አለቃዬ አቶ ተሻለ ይባሉ ነበር፤ ትንንሽ ከተሞች የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው ገቢ እንዲኖራቸው ሲወሰን እየዞሩ የሚያደራጁት እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው። አማርኛም አዊኛም እኩል ይናገራሉ።

አቶ ተሻለ ውሳኔ የሚጽፉት መጀመሪያ በእርሳስ ነው። እርሳሱን በምላጭ ይቀርጹታል፤ ቀስ ብለው፣ ሰው እየጠበቃቸውም ቢሆን። ተሰብሳቢው ካልተስማማበት በቀለም አይገለብጡትም። ገጹ ላይ ባዶ መስመር ከቀረ ከዳር እስከ ዳር ያሰምሩበታል፤ ሌላ እጅ ገብቶ ቃል እንዳይጨምር ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ የተወሰነውን አንብበው አይበቃቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የዋለውን ሰው ይመርጡና «እስኪ እርስዎ ምን እንደወሰንን ይንገሩኝ» ይሉታል። ሰውዬው በራሱ ቃል መናገር ካልቻለ ተሰብሳቢው እንደገና ይቀመጣል። ብዙ ምሳ ቀዝቅዞብናል በዚህ ምክንያት።

ረቂቅ ይዤላቸው ስገባ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሄደሽ አይተሽዋል?» ስለ ድልድይ ከሆነ ድልድዩን፣ ስለ ቄራ ከሆነ ቄራውን። ካላየሁት ረቂቁን ሳያነቡ ይመልሱልኛል። በመጀመሪያው ዓመት በጣም አበሳጭተውኛል።

አንድ የበጋ ወቅት ሁለታችንም ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ተመደብን። ስሟን አልጽፍም፤ ሰዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። ከቆሰበር ወደ ጫግኒ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቅ ገበያ የሚቆምባት ቦታ ናት። እስከዚያ ድረስ በወረዳው ሥር ያለች አንዲት ቀበሌ ነበረች። በዚያ በጋ ማዘጋጃ ቤት ትሁን ተባለ። አቶ ተሻለ አደራጅ፣ እኔ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሆነን ሄድን። ቢሯችን አንድ ነጋዴ እህል ያከማችበት የነበረ ክፍል ነው፤ ስንጠርገው በቆሎ ለሳምንት ከየጥጉ ይወጣ ነበር። አግዳሚ ወንበር ከትምህርት ቤቱ ተዋስን።

ሕዝቡ አሥራ አንድ የምክር ቤት አባላት መረጠ። ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው አቶ አለኸኝ ናቸው፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎም የሚበርዱ። ሁለተኛዋ እትዬ ዘርፌ ናት፤ ከላይኛው ሰፈር የቀርከሃ ሰሌን እየሠራች ቅዳሜ የምትሸጥ፣ ከምክር ቤቱ ብቸኛዋ ሴት። በስብሰባ አትናገርም ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ አቶ አለኸኝ ተነሥተው ያለ ወረዳው ፈቃድ ምን ማድረግ እንደምንችል ጠየቁ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እሱን ለመመለስ ግን ሁለት ወር ፈጀብን። አቶ ተሻለ ግድግዳው ላይ ሁለት ትልልቅ ወረቀት ለጠፉ፤ በአንደኛው ራሳችን የምንወስነው፣ በሌላው ጠይቀን የምንወስነው ይጻፋል። ማዘጋጃ ቤቶች የሚቋቋሙበትን አዋጅ አንቀጽ በአንቀጽ እያነበብን አንዱን ነገር ወደ አንደኛው፣ ሌላውን ወደ ሁለተኛው አደረግን። የገበያ ቦታ፣ የመንገድ ፍሳሽ፣ የቆሻሻ መጣያ የራሳችን ሆኑ። የመሬት ምሪት የመጠየቂያው ወረቀት ላይ ገባ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ አንዳንዱ ቃል ሦስት ጊዜ ቦታ ለውጧል።

ወሰኑንም በእግራችን ዞርን። ሽማግሌዎች ፊት ፊት፣ እኛ በኋላ፣ የባሕር ዛፍ ችካል እየተከልን። በምሥራቅ በኩል ያለው ወንዝ ድንበር ሆነ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ የገጠር ቀበሌ ነውና ተወው ተባለ። ማንም አልተከራከረም።

ያከራከረን የገቢው ነገር ነው። የወረዳው የገንዘብ ኃላፊ የከተማዋ ገቢ ወረዳው ካዝና ገብቶ ከዚያ ቢሰጠን ይሻላል አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እናባክነዋለን ብለው ነው የፈሩት። አቶ ተሻለ በደብዳቤ አልተከራከሯቸውም። ዝናብ የዘነበ ቅዳሜ ጠብቀው ገበያችንን እንዲጎበኙ ጋበዟቸው። ኃላፊው ጥቁር ቆዳ ጫማ አድርገው መጡ፤ ገበያው መካከል ሲደርሱ አንደኛው ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሁለት ድንች ሻጮች ናቸው ጎትተው ያወጡላቸው። ኃላፊው ጫማቸውን እየጠረጉ እዚህ ቦታ ፍሳሽ ማውረጃ የሚቆፈረው መቼ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ተሻለም የራሳችን ሒሳብ የተከፈተ ዕለት እንደሆነ መለሱላቸው። የፈቃዱ ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰ። ማኅተማችንም ተከትሎ መጣ፤ አቶ አለኸኝ ክንዳቸው ላይ አትመው ለሚስታቸው አሳይተዋል።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ።

አቶ ተሻለ ዓይናቸው ታመመ። ባሕር ዳር ሄደው መታከም ነበረባቸው፤ ከሁለት ወር በላይ እንደሚቆዩ ተነገራቸው። ሲሄዱ የገበያውን ደንብ ረቂቅ በእርሳስ እንዳዘጋጅና እስኪመጡ እንዳቆየው አዘዙኝ። እሺ አልኩ።

አላቆየሁትም። የምክር ቤቱ አባላት ፍሳሹ ይቆፈር፣ ለገበያው ዳስ ይሠራ ይላሉ፤ ለዚህ ደግሞ ገቢ ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ በላይ የገፋፋኝ ሌላ ነው። ያለ እሳቸው መሥራት እንደምችል ማሳየት ፈለግኩ። ከአንድ ትልቅ ከተማ የገበያ ደንብ አገኘሁና ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ገበያው በገመድ ይታጠራል፤ መግቢያው አንድ ይሆናል፤ ሻጭ ሁሉ ሲገባ ከፍሎ ካርኒ ይቀበላል፤ ድንች ከድንች ጋር፣ ሰሌን ከሰሌን ጋር በተሰመረለት ቦታ ይቀመጣል። በጣም ያማረ ጽሑፍ ነበር። በቀለም ጻፍኩት።

ለምክር ቤቱ አነበብኩላቸው፤ በአማርኛ፣ በፍጥነት፣ ዝናብ ሳይመጣ ለመጨረስ እየተቻኮልኩ። የሚቃወም አለ ወይ አልኩ። እትዬ ዘርፌ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ጻፍኩ።

ደንቡ የጀመረ ቅዳሜ መግቢያው ላይ ጠረጴዛ አስወጥቼ ተቀመጥኩ። ቀራጭ አድርገን የቀጠርነው ሞላ የሚባል የቀድሞ ዘበኛ ከጎኔ ቆመ። ነጋዴዎቹና በቅሎና አህያ የጫኑት ከፍለው ገቡ። ከዚያ ከላይኛው አገር በጀርባቸው ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ደረሱ። ድንች፣ እንጨት፣ ሰሌን፣ ጌሾ። ጎንበስ እንዳሉ ከገመዱ ፊት ቆሙ። ከኋላ ሌሎች መጡ፤ መንገዱ ተዘጋ። ሸክሙን አያወርዱት ነገር፣ መልሶ የሚያሸክማቸው የለም።

ከፊት የቆመችው እማማ ጠጄ የምትባል አሮጊት ናት። ከትውልድ መንደሬ ብዙ ከማይርቅ ቦታ ነው የምትመጣው። ክፈሉ መባሉን ሰምታ ወደ እኔ ዞረችና በአዊኛ ተናገረችኝ።

«ልጄ፣ ገንዘቡ ድንቹ ውስጥ ነው ያለው። ሳልሸጠው ከየት አመጣለሁ?»

ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ሰው ገበያ የሚመጣው ገንዘብ ሊያገኝ እንጂ ገንዘብ ይዞ አይደለም። መልሱ ፊቴ ቆሟል፤ እኔ ግን ወረቀቴን አየሁ። ደንብ ነው አልኳት፤ ያውም በአማርኛ። ሞላ መያዣ ታስይዝና ትግባ አለ። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩት። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወለቀው። እማማ ጠጄ አልታገለችም፤ አልተሳደበችም። ሸክሟን እንደተሸከመች አንገቷ ተራቁቶ ገባች። ስትወጣ ግን በእኛ በኩል አልመጣችም። በወንዙ በኩል ወረደች። ነጠላውም ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠረጴዛውን አስወጥቼ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሰዓት ሆነ። ከነጋዴዎቹ በቀር የመጣ የለም። ሞላ ወደ ወንዙ ሄዶ አይቶ መጣ። ገበያው ማዶ ሜዳው ላይ ቆሟል አለኝ። ድንቹም ሰሌኑም ከብቱም። ከችካላችን ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። የእኛ ነጋዴዎችም ጨውና ዘይታቸውን ይዘው አንድ አንድ እያሉ ተሻገሩ። የአቶ አለኸኝ ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ከወረዳ ሰው መጣና ከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ለመሆን ገና ያልደረሰች ሳትሆን አትቀርም፣ ነገሩ እንደገና ይታያል ብሎ ሄደ። ሁለት የምክር ቤት አባላት መልቀቂያ ጻፉ። መልቀቂያውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ የመዝገብ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ውስጥ አስገባሁት፤ ከዚያ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አቶ አለኸኝ ሚሊሻ ይላክና የማዶው ገበያ ይበተን አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ። ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ጸሐፊ ድምፅ የለውም፤ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁና ተነሣሁ።

«ሥልጣናችን ወንዙ ላይ ያልቃል» አልኳቸው። «ችካሉን አብረን ነው የተከልነው። ማዶ ያለውን ሰው መበተን አንችልም። ደግሞ የሸሹት ከእኔ ጽሑፍ ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።»

አቶ አለኸኝ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አቶ ተሻለ እስኪመጡ ይቆይ ተብሎ ተበተንን።

አቶ ተሻለ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። ከአውቶቡስ እንደወረዱ ሰው ነግሯቸዋል። ቢሮ ገብተው ደንቡን ተቀበሉኝ፤ በቀለም መጻፉን አዩ፤ እንደፈራሁት አልተቆጡም። እርሳሳቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። እኔ ቆሜያለሁ። ቀርጸው ሲጨርሱ ጥያቄያቸውን ጠየቁኝ።

«ሄደሽ አይተሽዋል?»

«ገበያውን ሁሌም አየዋለሁ» አልኩ።

«በጠረጴዛ በኩል ነዋ» አሉኝ። ከዚያ በሚመጣው ቅዳሜ ወንዙን ተሻግሬ ከጠዋት እስከ ማታ እንድቀመጥ አዘዙኝ። ደብተር እንዳልይዝ፤ ማንንም እንዳልጠይቅ።

ተሻገርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሴቶቹ አወቁኝ፤ አንዳቸውም አላናገሩኝም፤ ግን አላባረሩኝምም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁ። የሚቀመጡት በዕቃቸው ዓይነት አይደለም፤ በመንደራቸው ነው። አብረው መጥተው አብረው ስለሚመለሱ አንዷ ዘወር ስትል ሌላዋ ዕቃዋን ትጠብቅላታለች። እኔ ድንችን ከሰሌን ስለይ ጎረቤትን ከጎረቤት ለይቼ ኖሯል። እንደደረሱ ሁለት ሁለት ሆነው ሸክም ይረዳዳሉ፤ አጋዥ ያጣች ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋ ጀርባዋን አስጠግታ ነው የምታወርደው። ሲሸጡ ይውላሉ፤ ጨውና በርበሬ የሚገዙት መጨረሻ ላይ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ሳንቲም የሚገኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ቅዳሜ በቃኝ። አንድ ቅዳሜ ብቻ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያየሁትን በአዊኛም በአማርኛም ነገርኳቸው። ስጨርስ እትዬ ዘርፌ ተነሣች። በአንድ ዓመት ውስጥ በስብሰባ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«ያን ቀን አልገባኝም ነበር» አለች። «አማርኛው ፈጠነብኝ። ራሴን የነቀነቅኩት ጸሐፊዋ የሺ ትቸኩላለች ብዬ ነው። እኔም ሰሌኔን ይዤ ማዶ ነው የምሸጠው።»

አቶ አለኸኝ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባችን በሁለት ቋንቋ ሆነ። ጊዜ ይፈጃል፤ የፈጀው ይፍጅ አልን።

በአዲሱ ደንብ ላይ ስድስት ስብሰባ ተቀመጥን። ሻጭ በመንደሩ ይቀመጥ፤ ገመዱ ይነሣ፤ የሚከፈለው ከሰዓት በኋላ፣ ከተሸጠ በኋላ ይሁን። እትዬ ዘርፌ አንድ ጨመረች፤ በጀርባው ተሸክሞ የመጣ ጭራሽ አይክፈል። እዚህ ላይ ወረዳው ቆመብን። ከበላይ የመጣው የተመን ሠንጠረዥ ነጻ የሚባል ተራ የለውም፤ ማዘጋጃ ቤት ተመን ይሰበስባል እንጂ ምሕረት አያደርግም አሉን።

አዋጁን ወስጄ ሁለት ቀን አነበብኩት፤ እንደ ዳንግላው ፋይል፣ ነገሩ በሌላ ስም ተቀምጦ ይሆናል ብዬ። በሁለተኛው ቀን አገኘሁት። ምክር ቤቱ የገበያ ተመንን «እስከ» ተያይዞ በተላከው መጠን ድረስ ይወስናል ይላል። እስከ ነው የሚለው። እስከ ማለት ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ቃሉን በእርሳስ ከብቤ ለአቶ ተሻለ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን በቀለም ጻፊው» አሉኝ።

ወረዳው ሳይደሰት ተቀበለ። የምክር ቤታችን ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ እኔ በእውነት የገባኝ ያኔ ነው። ሁለት ወር ግድግዳ ላይ ስንጽፈው የነበረው ነገር እዚያች አንዲት ቃል ላይ ቆመ።

የቀረው ሰዎቹን መመለስ ነው። የእማማ ጠጄን ነጠላ አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ማዶ ተሻገርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ በአዊኛ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አዲሱንም ደንብ ነገርኳት። ነጠላውን ተቀብላ ጠርዙን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«በሳሙና ነው ያጠብሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንዶድ ይሻለው ነበር» አለች። ለበሰችው። ትንሽ ቆይታ ገመዱ በእርግጥ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተነሥቷል አልኳት። ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ፤ የሚመጡ እንደሆነ ግን እነሱ ያውቃሉ አለችኝ።

በአንድ ጊዜ አልመጡም። መጀመሪያ ድንቹ ተመለሰ፤ ከዚያ ሰሌኑ፤ ከብቱ ከሁሉ በኋላ። ማር የሚያመጡት ቆለኞች ግን ቀሩ። እነሱ በዚያን ጊዜ አዘና በምትባል ሌላ ከተማ ገበያ ደንበኛ አፍርተው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። ያ የእኔ ዕዳ ነው። አሁንም ማር ስገዛ ትዝ ይለኛል።

ገቢው ሲጠራቀም ምክር ቤቱ ምን ይቅደም ብሎ ተከራከረ። ፍሳሹ ቀደመ። ሁለተኛው ላይ አቶ አለኸኝ በር ያለው ዳስ ፈለጉ። እትዬ ዘርፌ ግን ገበያው መግቢያ ላይ በሴት ወገብ ልክ የተገነባ የድንጋይ መደብ ይሠራ አለች፤ ሸክም ያለባት ሴት ሰው ሳትለምን ጀርባዋን አስጠግታ የምታወርድበት። በድምፅ አሸነፈች። ግንበኛው ቁመቱን የለካው እሷኑ ከነሰሌኗ አቁሞ ነው። በዓመቱ ኦዲተር መጥቶ ሸክም ማራገፊያ የሚባል የበጀት መደብ የለም አለን፤ የመንገድ ዳር ግንባታ በሚለው ውስጥ አስገብተን ተገላገልን።

አቶ ተሻለ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ከተማ ተላኩ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ከድቷቸው ቀድመውኝ ጡረታ ወጡ። ሲሰናበቱኝ ንግግር አላደረጉም፤ የደንቡን ቅጂ አንድ ስጪኝ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው። በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ዓመት በዓል ባለፈ ቁጥር እየሄድኩ ጋዜጣ አነብላቸው ነበር። ያነበብኩትን መልሰው ይነግሩኛል፤ ከተሳሳቱ ደግሜ አነባለሁ።

እኔ በዚያች ከተማ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። ከዚያ ቆሰበር ተመለስኩና ለሌሎች አዳዲስ ማዘጋጃ ቤቶች ጸሐፊዎችን አሠለጠንኩ። ኮምፒውተር መጣ፤ ካርኒው በስልክ ሆነ፤ የጽሕፈት መኪናዬ የንብረት ክፍል ጥግ ገባች። አልተከፋሁም። ጥሩ ዘመን ነበር። ጥሩ አለቃ አገኘሁ፤ ጥፋቴን ራሴ ማስተካከል ቻልኩ፤ ይህ ለብዙ ሠራተኛ የሚገጥም ዕድል አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት ያቺ ከተማ አቅራቢያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ድንቹ ደረሰለት። ሚስቱ አራስ ስለነበረች ቅዳሜ ገበያ የሚሄድላቸው ጠፋ። እኔ ልሂድ አልኩ። በዚህ ዕድሜሽ ብለው ሳቁብኝ፤ ቢሆንም ግማሽ ኬሻ በጀርባዬ አሸክመው ላኩኝ። ከተማዋ አድጋለች። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ተደርድሯል፣ ፎቅም ተጀምሯል። ከዚያ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ የሚያውቀኝ ሰው አላየሁም። ከወንድሜ መንደር ሴቶች መካከል ቦታ ሰጡኝና ድንቼን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ቀራጯ መጣች፤ ጎልማሳ ሴት ናት፣ በእጇ ስልክ የያዘች። አህያ ከጫነው ሰው ተቀበለች። ወደ እኛ ስትደርስ ኬሻችንን አየት አድርጋ አለፈች። እኔ ከልማዴ የተነሣ ኪሴን ስፈትሽ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሴት እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ተይው እማማ» አለችኝ። «እዚህ በጀርባው ተሸክሞ የመጣ አይከፍልም።»

ማን ነው እንዲህ ያለው ብዬ ጠየቅኳት። ጥያቄው ገረማት።

«ማንም አላለም» አለችኝ። «ድሮም እንዲሁ ነው።»

ድንቼን ሸጬ፣ ጨውና በርበሬ ገዝቼ፣ ከሴቶቹ ጋር እያወራሁ ወደ ወንድሜ ቤት ወጣሁ።